ገብቶ ይፈተፍታል

ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሠርግ ጥሪ፣ ሰው በእጁ ጽፎ ያመጣልኝን ሁሉ እተይባለሁ። ይህን ሥራ ከጀመርኩ አሥራ ሰባት ዓመት ስላለፈኝ ጣቶቼ ፊደሉን ሳላይ ያገኙታል። ብዙ ጊዜ የምጽፈውን ነገር ልብ አልለውም፤ ዓይኔ ወረቀቱ ላይ፣ ሐሳቤ ቤቴ ነው።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አንድ ደንበኛዬ አራት ገጽ ሉክ ወረቀት ይዘው መጡ። በስድሳዎቹ ውስጥ ያሉ፣ የሰፈራቸው እድር ሊቀመንበር የሆኑ፣ ሒሳብ የማያጓድሉ፣ ሁልጊዜ "ልጄ ደህና ዋልሽ?" ሳይሉኝ የማይቀመጡ ሰው ናቸው። ወረቀቱ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚያቀርቡት ንግግር ነው። ወርሃዊ መዋጮ ሳይከፍሉ ሐዘን ሲደርስባቸው ብቻ "ድንኳን አምጡ፣ ወንበር አምጡ" ስለሚሉ አባላት ያወራል። ጋሼ በርጩማው ላይ ተቀምጠው ለስላሳቸውን እየጠጡ፣ እኔ እየተየብኩ ሦስተኛው ገጽ ላይ ደረስኩ። እዚያ ላይ፣ ሥሩ በሁለት መስመር ተሰምሮበት፣ እንዲህ ይላል፦ "ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል።"

እጄ ቆመ።

"ምነው ልጄ፣ ጽሑፌ አልነበብ አለሽ?"

"አይ ጋሼ፣ ይነበባል።"

"እና?"

ልተወው ብዬ ነበር። አፌ ግን ቀደመኝ። "አባቴ የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ ነበር" አልኳቸው። "እናቴም እንደዚያው።"

ጠርሙሱን መሬት ላይ አስቀመጡት። "ውይ ልጄ! እኔ እኮ ሰው ልሰድብ ብዬ አይደለም። ተረት ነው። አባቶቻችን የተረቱት ነው እንጂ እኔ ያወጣሁት መሰለሽ?"

"አውቃለሁ ጋሼ" አልኩና አምስቷን ቃል ተየብኳት። ሥሯንም አሰመርኩበት። ሥራዬ ነው። ከፍለው ሲወጡ ግን ደህና ዋዪ ማለቱን ረሱት፤ እኔም ረሳሁት።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ነሥቶኛል። እሳቸውን ጠልቼ አይደለም። አንድ ቃል ማን ሊለው ይችላል፣ የት፣ ለማን የሚለውን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ይዤው የኖርኩት ስለሆነ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ቃሉን ሳልሸፍን እጽፈዋለሁ። ግማሹን ፊደል በነጥብ ብተካው አንባቢው በልቡ ሞልቶ ያነበዋል፤ የደበቅኩት ነገር አይኖርም። ቃሉን ለሰው መወርወርና ስለ ቃሉ መነጋገር ለእኔ አንድ አይደሉም። ለእናቴ ግን አንድ ነበሩ። ይህን ጽሑፍ ብታነበው ቅር ይላት እንደነበር አውቃለሁ።

የቃሉ ሥር መቆረጥን፣ ማጠርን የሚናገር ነው። ፖሊስ የሚይዘው ቆመጥ፣ ልጆች በበጋ የሚለብሱት ቁምጣ ከዚሁ ሥር የወጡ ናቸው። እማዬ በሕይወቷ "ቁምጣ" ብላ አታውቅም። ወንድሜን "አጭር ሱሪህን አውልቅ ልጠብልህ" ነበር የምትለው። እኔ የእሷ ቋንቋ ይመስለኝ ነበር፤ ከወሎ ስለመጣች እዚያ እንደዚያ ይሉ ይሆናል ብዬ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ፣ ሱቅ አብረን ገብተን "ቁምጣ አለ?" ብዬ ስጠይቅ እንደ ደነገጠች ሚዳቋ ዘወር ስትል አየኋትና ያኔ ገባኝ።

ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ደግሞ ሌላ ቃል ነበር፤ ለምጽ። ንዕማን ለምጻም ነበር፣ አሥሩ ለምጻሞች ነጹ ይባላል። ዛሬ በሰፈር አማርኛ ለምጽ የምንለው ቆዳ ላይ የሚወጣውን ነጭ ነገር ነው፤ አያምም፣ አይጋባም፣ ከሥጋ ደዌ ጋር አይገናኝም። ሰው ግን በመጽሐፉ ያለውን ከሰፈሩ ጋር አደባልቆ ሁለቱንም ይሸሻል። ለምጽ ያለባት አንዲት ደንበኛዬ ፎቶ ኮፒ ስትቀበለኝ ሁልጊዜ እጇን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች።

የውጭዎቹም በራሳቸው ቋንቋ ያለውን ተመሳሳይ ቃል ለመተው ጊዜ ወስዶባቸዋል። በ1948 እ.ኤ.አ. ሃቫና ላይ የተሰበሰቡ የሥጋ ደዌ ሐኪሞች ሕመምተኛውን በበሽታው ስም መጥራት ይቅር ብለው ተስማሙ። በ2010 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ተቀብሎ ባስተላለፈው መመሪያም ይኸው ጉዳይ አለበት። እኛ ጋ ሬዲዮኑና ጤና ጣቢያው "የሥጋ ደዌ ተጠቂ" ማለት ለምዷል። ተረቱ ግን እንዳለ አለ።

ወላጆቼን ያገናኛቸው ሕመሙ ነው። አባዬ ከከምባታ፣ እማዬ ከወሎ፣ ሁለቱም ለሕክምና ሻሸመኔ መጥተው እዚያው ቀሩ። ከዳኑ በኋላ ወደ አገራቸው ቢመለሱ የሚቀበላቸው አልነበረም። ስለዚህ እንደ እነሱ የቀሩት ሰዎች በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ እየቀለሱ፣ ልጅ እየወለዱ ሰፈር ሆኑ። አርሲው፣ ሲዳማው፣ ሐዲያው፣ ወሎዬው፣ ጉራጌው ሁሉ የተሰበሰበበት ስለሆነ መግባቢያችን አማርኛ ነበር። እድራቸውም የራሳቸው ነበር፤ ሌላ ቦታ ማን ይመዘግባቸዋል?

"ጣት ይረግፋል" ይላል ሰው። አይረግፍም። በሽታው ነርቭ ይገድላል፤ ነርቭ ሲሞት እጅ አይሰማውም። የማይሰማው እጅ ትኩስ ድስት ያነሣል፣ ሚስማር ይጨብጣል፣ እሳት ይነካል፤ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ አጥንቱ ቀስ በቀስ ይበላል፣ ጣቱ ያጥራል። የአባዬ ቀኝ እጅ ላይ ከአውራ ጣቱ በቀር ያልታጠፈ ጣት አልነበረም። ሻይ ሲጠጣ ብርጭቆውን በሁለት መዳፉ መሃል እንደ ጸሎት ይይዘዋል። ግለቱ ስለማይታወቀው መጀመሪያ እማዬ በከንፈሯ ትቀምስለታለች። "ትንሽ ቆይ" ካለችው ይቆያል፤ "ጠጣ" ካለችው ይጠጣል። ማታ ማታ እግራቸውን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ ደረቁን ቆዳ በድንጋይ ፍቀው ቫዝሊን ይቀባባሉ። የእሱን እሷ፣ የእሷን እሱ። ባልና ሚስት ሲፋቀሩ እንዲህ ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬም ይመስለኛል።

ተረቱ የሚለው "ገብቶ ይፈተፍታል" ነው። ማለትም ካላባረራችሁት በትሪያችሁ እጁን ይከታል። አባዬ በሕይወት ዘመኑ ከሰው ጋር በአንድ ትሪ ሲበላ አይቼው አላውቅም፤ ከእማዬና ከሰፈሩ ሰው ጋር ካልሆነ በቀር። በ1998 ዓ.ም. እዚህ ሐዋሳ ስዳር፣ ጠርዙ የተላጠ አረንጓዴ የብረት ሰሃኑን ከሻሸመኔ በፌስታል ይዞ መጣ። የሙሽራዋ አባት ነው፤ የክብር ቦታ ተዘጋጅቶለት ነበር። እሱ ግን አሳላፊውን ጠርቶ "በዚች አድርግልኝ" አለው። አሳላፊው ወጣት ነው፣ ግራ ገብቶት እኔን ያያል። እኔ ቬሎዬን ሰብስቤ ልነሣ ስል እማዬ በዓይኗ ተቀመጪ አለችኝ። አባዬ መድኃኒቱን ጨርሶ ከዳነ ያኔ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። መድኃኒት የጀመረ ሰው ለሌላው አያስተላልፍም፤ በሽታውም በእንጀራና በወጥ አይተላለፍም። ኖርዌያዊው ሃንሰን ተሕዋሱን በ1873 እ.ኤ.አ. ካገኘው ቆይቷል። ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ መድኃኒቱ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል ለሕመምተኛ ሁሉ በነጻ ይሰጣል፤ ስድስት ወር ወይም አንድ ዓመት ተውጦ ያበቃል። አባዬ ይህን ሁሉ ከእኔ በላይ ያውቃል። ሰሃኑን ይዞ የመጣው ተረቱን ስለሚያውቅ ነው።

ይኸው አባቴ ግን ቃሉን ከማንም በላይ ይለው ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትልቁ ሾላ ሥር ገበጣ ይጫወታሉ። ገበጣውን የሠራው አንድ የሲዳማ ሽማግሌ ነው፤ እሱም የሰፈራችን ሰው። ጉድጓዶቹን ከተለመደው አስፍቶ ነው የፈለፈላቸው፤ ምክንያቱም ጠጠሩን በጣት ለቅሞ ማውጣት ስለማይችሉ በመዳፋቸው ጠርዝ ነው የሚጠርጉት። ጨዋታው ሲሞቅ አባዬ ይጮሃል፦ "አንተ ሌባ ቆማጣ! ያቺን ጠጠር መልሳት!" የአርሲው ጓደኛው ደግሞ "ያንተ ዓይንም ቆመጠ እንዴ? አራት ናት!" ይለዋል። እንባቸው እስኪፈስ ይስቃሉ። ውጭ ሲወጡ አንገት የሚያስደፋቸው ቃል ሾላው ሥር የሳቅ ቃል ነበር።

አንድ ድሬሰር ነበር። በሽታው የለበትም፣ ጣቶቹ ሙሉ ናቸው። ቁስል በማጠብና በማሰር ከሃያ ዓመት በላይ ከእነሱ ጋር ኖሯል። አንድ ቀን አባዬ ለቁስል እጥበት ሄዶ እግሩን ሲዘረጋ፣ ድሬሰሩ ተረከዙ ውስጥ የተቀበረ ሚስማር አገኘ። አባዬ በሚስማሩ ላይ ስንት ቀን እንደተራመደ አያውቅም። እኔ እንደ ምርኩዝ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ድሬሰሩ ተንበርክኮ ሚስማሩን በመቆንጠጫ ካወጣው በኋላ ቀና አለና ዓይኑ እንባ ሞልቶ "አንተ ቆማጣ! ደግመህ በባዶ እግርህ ሄደሃል?" አለው። እኔ ተሳቀቅኩ። አባዬ ግን ሳቀ። "ቆማጣ ካልሄደ ድሬሰር ምን ይበላል?" አለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ድሬሰሩ እሑድ እሑድ ሾላው ሥር መጥቶ ይጫወታል፤ ይሰድባል፣ ይሰደባል።

በሌላ ዓመት ደግሞ አንድ አዲስ ተቀጣሪ መጣ። ጥሩ ልጅ ነው፣ ሳቂታ፣ ሰላምታ የማይጓደልበት። ድሬሰሩ የሚለውን ሰምቶ ኖሮ አንድ እሑድ ወደ ሾላው ጠጋ አለና "እናንተ ቆማጦች፣ ማን እየመራ ነው?" አለ፤ ጥርሱን ፍልቅቅ አድርጎ። ክፋት የለበትም። ሊቀርባቸው ፈልጎ ነው። የአርሲው ሰውዬ መዳፍ ጠጠር እንደያዘ ገበጣው ላይ ቀረ። ማንም አልተቆጣም፤ ማንም ቀና ብሎ አላየውም። አባዬ ቀስ ብሎ ጠጠሩን ወደ አንድ ጉድጓድ ሰበሰበና "ልጄ፣ ጨዋታው አልቋል" አለው።

አላለቀም ነበር። ገና ሁለተኛው ዙር ነው።

ቃሉ ያው ነው፣ ቦታው ያው ነው፣ ልጁም ሳቁ የእውነት ነው። "ሐሳቤ ክፉ አይደለም" ብሎ ቢምል እውነቱን ነው። ሆኖም አልተፈቀደለትም። ሰዎች "እንደ ሁኔታው ነው" ሲሉ ብዙ ጊዜ የሚያስቡት የተናጋሪውን ልብ ነው፤ ተረት ነው፣ ቀልድ ነው፣ ልሰድብ አይደለም። እኔ ሾላው ሥር ያየሁት ሁኔታ ሌላ ነው። ድሬሰሩ ቃሉን ከማለቱ በፊት ሃያ ዓመት በጉልበቱ ተንበርክኳል። አባዬ በሳቁ ፈቀደለት እንጂ እሱ ራሱ ለራሱ አልፈቀደም። ቢፈልግ ደግሞ በማግሥቱ ፈቃዱን ሊነሣው ይችል ነበር።

ታዲያ ነገሩ "የእኛ ሰው ይበለው፣ የውጭ ሰው አይበለው" ነው? እንዲያ ቢሆን ይቀል ነበር። እኔ የውስጥ ሰው ነኝ። ቢሆንም ቃሉን በሕይወቴ ከሰማሁት ሁሉ በከፋ ሁኔታ የተናገርኩት እኔ ነኝ።

ሰባተኛ ክፍል ሆኜ ከተማ ትምህርት ቤት ገባሁ። የት ሰፈር ነሽ ሲሉኝ ሌላ ሰፈር እጠራለሁ። ጣቶቼ ሙሉ ናቸው፣ ዩኒፎርሜ ንጹሕ ነው፣ ማን ያውቃል? ከሰፈራችን የመጣች አንዲት ልጅ ግን ነበረች፤ የአርሲው ሰውዬ ልጅ፣ አብረን ያደግን። በዕረፍት ሰዓት ከከተማ ልጆች ጋር ቆሜ ሳለ ሮጣ መጥታ በቤት ስሜ ጠራችኝና "እማዬ ቆሎ ላከችልሽ" ብላ በወረቀት የተጠቀለለ ቆሎ ዘረጋችልኝ። ልጆቹ አዩኝ። አንዷ "ታውቂያታለሽ?" አለችኝ። እኔም "ሂጂ ከዚህ፣ የቆማጣ ልጅ!" አልኳት።

እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። አላለቀሰችም። ወረቀቱን መልሳ ጠቅልላ ሄደች።

ማታ አባዬ ሰምቷል። በዚያ ሰፈር የማይሰማ ነገር የለም። ይመታኛል ብዬ ነበር፤ አልመታኝም። እግሩን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ እንደተቀመጠ "ነይ" አለኝ። "እኔ ስለው ሰምተሻል?" "አዎ አባዬ።" "እኔ ስለው ሰውየው ወደ እኔ እንዲጠጋ ነው። አንቺ አባረርሽበት።" ሌላ አልጨመረም። ጠዋት እማዬ ነጠላዋን ደርባ፣ እኔን እጄን ይዛ ልጅቷ ቤት ወሰደችኝ፤ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ይቅር አሉኝ። ልጅቷ ዛሬ የሦስት ልጆች እናት ናት፤ ስንገናኝ አቅፋ ትስመኛለች። ያቺን ቀን ግን አንዳችንም አንሥተናት አናውቅም።

ይህን ያስታወሰኝ ልጄ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር ፍቅር ሐይቅ ይሄዳል። በስልክ ሲጠራሩ የሚባባሉት ጥቁር አሜሪካውያን በዘፈን የሚሉትን ቃል ነው። "ኒጋ የት ነህ? ኒጋ ና!" አንድ ቀን "ይህ ቃል ምን እንደሆነ ታውቃለህ?" ብዬ ጠየቅኩት።

"ወንድሜ ማለት ነው እማ።"

"ለማን?"

"ለጥቁር። እኛም ጥቁር ነን አይደል?"

መልሱ ቀላል አይደለም፤ አሰብኩበት። ቃሉ በባርነት ተጭነው የተወሰዱ ሰዎች የተጠሩበት፣ እየተገረፉና እየተሰቀሉ የሰሙት ነው። የልጅ ልጆቻቸው ገልብጠው የመዋደጃ ቃል አደረጉት። አባዬ ሾላው ሥር እንዳደረገው ማለት ነው። ሆኖም እነሱም በመካከላቸው አልተስማሙም። በ2007 እ.ኤ.አ. የጥቁሮች መብት ተሟጋቹ ድርጅት ኤንኤኤሲፒ ዲትሮይት ከተማ ላይ የሬሳ ሣጥን አሠርቶ፣ በሰልፍ ሸኝቶ ቃሉን እንደ ሞተ ሰው ቀብሮታል። ባለቤቶቹ ቀብር ሲያወጡለት እኛ ሐይቅ ዳር ቆመን እንጠራራበታለን።

ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ እኔ ያላሰብኩትን ጠየቅኩት። ከጓደኞቹ አንዱ መልኩ በጣም ጥቁር ነው፤ ቤተሰቡ ከደቡብ ኦሞ የመጣ። እሱን በምን ነው የምትጠሩት አልኩት። ልጄ ፊቱ ቀላ። "ባሪያው" ይሉታል። "እሱ ራሱ ይስቃል እኮ እማ። ቅጽል ስሙ ነው።"

"ባይስቅስ? ማንን ይዞ ሐይቅ ይሄዳል?" አልኩት።

ባርነት በአገራችን በአዋጅ የቀረው በ1934 ዓ.ም. ነው። አያቴ ያኔ በሕይወት ነበረች። እና የዚያ ልጅ ቅድመ አያት ተሸጣ ሊሆን ይችላል፤ የእኛ ሰው ገዝቷት ሊሆን ይችላል። ልጆቹ አሜሪካ ድረስ ሄደው የሌላ ሰው ቁስል ተውሰው ሲያጌጡበት፣ የራሳቸውን አገር ቁስል ጓደኛቸው ላይ እየረገጡ ነው። እሱ እንደ አባዬ ጨዋታው አልቋል ብሎ ጠጠር የሚሰበስብበት ሾላ የለውም። አራት ሆነው፣ እሱ አንድ ሆኖ የሚስቀው ሳቅ ፈቃድ ሊሆን አይችልም። አባዬ ሲስቅ በራሱ ሰፈር፣ በራሱ ገበጣ፣ በጓደኞቹ መሃል ሆኖ ነው።

ልጄ ከዚያ ወዲህ በስሙ ይጠራዋል። ሌሎቹ ግን አልተዉም።

ሕግ የለም ወይ የሚለኝ አለ። አለ። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውን፣ ነጋዴውን በሥራው የሚሳደብ ሰው አንድ ዓመት ይታሰራል ብለው አዋጅ አስነግረዋል። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ሸክላ ሠሪዋን "ቡዳ" የሚል አልጠፋም። በቅርቡ ደግሞ የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወጥቷል። ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ ጾታን፣ አካል ጉዳትን ጭምር ይጠቅሳል። ለትምህርት፣ ለጥናት፣ ለዜና፣ ለኪነ ጥበብ ሲባል የሚነገረውን ደግሞ ለይቶ ያወጣዋል። ይህ ትክክል ነው፤ ሕጉም አንድ ቃል በየቦታው አንድ እንዳልሆነ ያውቃል ማለት ነው። ነገር ግን ጋሼ ተከሰው እንዲቆሙ አልፈልግም። አዋጅ አረንጓዴዋን ሰሃን ከአባዬ እጅ ሊያስጥላት አይችልም ነበር።

"በዚህ ዘመን ሁሉም ነገር ያስቆጣል፣ ቋንቋችን ሊያልቅ ነው" የሚሉኝም አሉ። እኔ ከአማርኛ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ፤ አንዲት ቃል እንድትጠፋ አልፈልግም። መዝገበ ቃላት ውስጥ ትቀመጥ፣ ልጆች ይማሯት፣ ታሪክ ይጻፍባት። ጉባኤ ላይ ቆሞ፣ ሁለት መቶ ሰው ፊት፣ የማይከፍሉ አባላትን ለመንቀፍ ሲባል በሽታ የያዘውን ሰው ለምሳሌነት ማቆም ግን ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ሁለት መቶ ሰው ውስጥ እጁን ከነጠላ ሥር የደበቀ አንድ ሰው ቢኖርስ? በአገራችን ዛሬም በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይህ በሽታ ይገኝበታል። አብዛኛው ቶሎ ቢታከም ጣቱም ነርቩም ይተርፍ ነበር። ከቆዳው ላይ የማይሰማው ነጣ ያለ ምልክት ሲያይ ግን ወደ ጤና ጣቢያ ከመሄድ ይደብቀዋል። የሚደብቀው መድኃኒት ጠፍቶ አይደለም፤ ስሙን ፈርቶ ነው።

ሐሙስ ጋሼ ተመለሱ። ንግግሩን ስድሳ ኮፒ እንዳባዛላቸው ነው። ፎቶ ኮፒ ማሽኑን ስከፍት "ቆይ፣ ሦስተኛውን ገጽ ደግመሽ አውጪልኝ" አሉኝና ወረቀቱን ሰጡኝ። በሰማያዊ እስክሪብቶ ሰርዘው ከላይ ጽፈውበታል፦ "ሌባን ሌባ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል።"

ተረት ሆኖ አልሰመረም። ቢሆንም ተቀምጠው ያሰቡበት ነገር ነው። ሌብነት ሰው የሚሠራው ሥራ ነው፤ ሕመም ግን ሰው ላይ የሚደርስ ነው። ጋሼ ይህን ልዩነት አይተውታል። ደግሜ ተየብኩላቸው፤ የዚያን ገጽ ዋጋ አልተቀበልኳቸውም። ሲወጡ "ደህና ዋዪ ልጄ" አሉኝ።

አባዬ ያረፈው በ2009 ዓ.ም. ነው። ሻሸመኔ፣ ሰፈሩ ውስጥ ድንኳን ተተከለ። የባለቤቴ ዘመዶች ከሐዋሳ በአንድ ሚኒባስ መጥተው በአንድ ወገን ተቀምጠዋል፤ የሰፈሩ ሰው በሌላው። እማዬ ፍራሽ ላይ ናት። ከሰዓት በኋላ ድሬሰሩ ገባ። ጡረታ ወጥቷል፣ አርጅቷል፣ በከዘራ ነው የሚሄደው። ድንኳኑ መሃል እንደ ደረሰ ከዘራውን ጣለና ደረቱን እየመታ ጮኸ፦

"አንተ ቆማጣ! ሳትነግረኝ? እኔን ሳትነግረኝ ትሄዳለህ? ማንን ልሳደብ? ማን ይስደበኝ ከእንግዲህ?"

አማቴ በነጠላዋ አፏን ያዘች። የባለቤቴ አጎት "ይህን ሰካራም አውጡልኝ!" ብለው ተነሡ። ሁለት ወጣቶችም ተከትለዋቸው ተነሡ። በዚያኛው ወገን የተቀመጠው የሰፈሩ ሰው ግን በአንድ ድምፅ እሪ አለ፤ የአርሲው ሰውዬ መሬቱን በመዳፉ እየመታ። እማዬ ቀና አለች። ያን ቃል ቤቷ ውስጥ አንድ ቀን አስወርታ የማታውቀው እናቴ ያጠረ እጇን ወደ ወጣቶቹ ዘረጋችና "ተዉት" አለች።

ከዚያ በፍራሹ ላይ ፈቀቅ አለችና ከጎኗ ቦታ ለቀቀችለት።